ሦስተኛው ሽቦ

ጥቅምት 3 ቀን

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣

የእኔና የእማዬ ሰላምታ ባሉበት ይድረስዎት። እኛ ደህና ነን። እማዬ ብርድ ሲመጣ «ጉልበቴን» እያለች ከመነጫነጭ በቀር ጤናዋ ጥሩ ነው። እርስዎን በየማለዳው ሳትመርቅ አትውልም፤ እኔን ግን የምትጀምረኝ «ቁርስ የታለ?» ብላ ነው።

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል ብዬ ዝም ብዬ ነበር። አሁን የምጽፈው ግን ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

እርስዎ ያስገቡልን ኦቨን መናከስ ጀምሯል። መናከስ የምለው ሌላ ቃል ስላጣሁለት ነው። ሥራ ላይ እያለ በሩን በእርጥብ እጅ ስነካው ከጣቴ እስከ ክርኔ ይነዝረኛል። መጀመሪያ ክንዴ የደነዘዘ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ እማዬን ነዘራት። ድመቷ ድሮ ሥሩ ነበር የምትተኛው፤ አሁን በዚያ በኩል አታልፍም።

የሠፈራችንን ጠጋኝ ጠራሁት። ያውቁታል፤ ሬዲዮና ካውያ የሚጠግነው፣ ሰው ሁሉ «ችግር የለም» እያለ የሚጠራው ነው። ካቻቪቴውን ከኪሱ ሳያወጣ በእጁ ጀርባ ቆርቆሮውን ነካ ነካ አደረገና ችግር የለም፣ አሮጌ ዕቃ ትንሽ ትንሽ ይነዝራል፣ የጎማ ጫማ አድርገሽ ጣውላ ላይ ቆመሽ ጋግሪ አለኝ። ጣውላውንም ራሱ ቆርጦ አመጣልኝ፤ የድካሙን አልተቀበለኝም።

እንደሚያውቁት በሳምንት ሦስት ቀን ለሁለት ሱቅና ለትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ዳቦና ኬክ አቀርባለሁ። ኦቨኑ ከቆመ እኔም ቆምኩ ማለት ነው። እርስዎ የሥራው ጌታ ነዎት፤ የሚቀየር ነገር ካለው ዕቃውን ይላኩልኝ። ከሌለም ለማን እንደማሳየው ይንገሩኝ።

ታናሽ እህትዎ


ቴሌግራም፣ ጥቅምት 22

ኦቨኑን ንቀሉ። አትጠቀሙ። ደብዳቤ ይከተላል። ወንድምሽ።


ጥቅምት 23 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺና ለእናታችን ይሁን። ስለ እኔ ጤና አታስቢ፣ ደህና ነኝ። ስላልመለስኩልሽ ደብዳቤዎች ሌላ ጊዜ ትወቅሽኛለሽ።

ያሁኑን ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንብቤ ሳልጨርስ ሽርጤን እንደታጠቅኩ ፖስታ ቤት ሮጥኩ። «መናከስ ጀምሯል» ትይኛለሽ፣ እንደ ቡችላ። ኮረንቲ አይጫወትም፣ እህቴ። ዛሬ የነዘረ ነገ ይገድላል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ሽቦ ልባሱ ሲሰነጠቅ ኮረንቲው ወደ ቆርቆሮው ያመልጣል። ያመለጠ ኮረንቲ መሬት የሚገባበት መንገድ ይፈልጋል። ሌላ መንገድ ካጣ አንቺን መንገድ ያደርግሻል። እጅሽ ሲርስ፣ ወለሉ ሲርስ፣ ጥርጊያውን አስፋልት አነጠፍሽለት ማለት ነው።

ያ ሰውዬ ደግሞ ጣውላ ቆርጦ ሰጠሽ? እባብ ገብቶብኛል ላለ ሰው ቡት ጫማ አድርግ እንደማለት ነው። ጣውላው አንቺን ይሸከም ይሆናል፤ ድንገት ገብቶ በሩን የሚነካውን ሌላ ሰው ማን ይሸከመዋል? እናታችን ውኃ ልትጠጣ በባዶ እግሯ ተነሥታ ብትደገፈውስ? ይህን ሳያስብ መሣሪያ የሚሸከም ሰው ጠጋኝ አይባልም።

አሁን የምልሽን በተራው አድርጊ። በመጀመሪያ ቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አውርጂ። ከዚያ በደረቅ እጅ ስፒናውን ንቀይ። ማንም ሰው ኮረንቲ ሲይዘው ብታዪ፣ እናታችንም ብትሆን፣ ቆጣሪውን ሳታጠፊ እንዳትነኪ፤ የነካ አብሮ ይቀራል። ከዚያ ኦቨኑን አውጥተሽ ጣዪው። እንዳለ። ማንም እንዳይፈታው፣ ስፒናውንም ማንም እንዳይከፍተው። ለዚያ ሰውዬ ለመለዋወጫ እንኳ እንዳትሰጪው። እኔ ሌላ እልክልሻለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቤት ኦቨን ስጠግን ኖሬ፣ የገዛ እናቴ ቤት ውስጥ ጣውላ ላይ ተቁሞ ይጋገራል። አፍሬያለሁ። በቁጣ ጻፍክ አትበዪኝ። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 29 ቀን

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሰላምታዬ ቢያጥርብዎ ይቅር ይበሉኝ።

ቴሌግራሙ በማግስቱ ደረሰን፤ ነቀልነው። አንድ ወር ሙሉ ተነቅሎ ቆመ። ደብዳቤዎም መጣ፣ ለእማዬ አነበብኩላት። መጣሉን ግን እሺ አላለችም። ልጄ በመርከብ ጭኖ ያመጣልኝን እኔ ሳልሞት ማንም ከዚህ ቤት አያወጣውም አለች። እኔም ለሱቆቹ ማቅረብ ትቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ቀን ሁለት መቶ ዳቦ አዘዘኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ሰካሁት። የሰካሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንዲሰሙት ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ልብስ አጣቢያችን የምትመጣበት ቀን ነው። ሳያስታውሷት አይቀሩም፤ ረጅሟ፣ ስትገባም ስትወጣም ድምፅ የሌላት። እኔ በር ላይ ቅርጫት ከሚረከበኝ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ጋር ነበርኩ። እሷ ግቢ ውስጥ ስታጥብ የዳቦ ማረር ሸተታት። ልትረዳኝ ብላ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯም እጇም እንደራሰ ገብታ የኦቨኑን በር ያዘች።

ባልዲ ሲወድቅ ሰማሁ። ስገባ እጇ መያዣው ላይ ተጣብቋል፤ ልትለቀው አልቻለችም። ጥርሷ ገጥሟል፣ ዐይኗ እኔን ያያል። ልይዛት እጄን ዘርግቼ ነበር። «በመጀመሪያ ቆጣሪው» ያሉት ትዝ ባይለኝ ኖሮ ሁለታችንም እዚያው እንቀር ነበር። ሮጬ አወረድኩት። ወደቀች። ትንፋሽ አልነበራትም። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ደረቷን እየተጫነች መለሰቻት።

አሁን ሐኪም ቤት ተኝታለች። የቀኝ እጇ መዳፍ፣ ሌባ ጣቷና መካከለኛው ጣቷ እስከ አጥንቱ ተቃጥለዋል። እንጀራዋ ያ እጅ ነው።

እማዬ «ባዶ እግርሽን ግቢ» ማን አላት ትላለች። ይህን ስትል ሰው እንዳይሰማት መስኮት እዘጋለሁ። ባሏ ግንበኛ ነው፤ ከሥራ እየወጣ ሲሚንቶው እጁ ላይ ሳይለቅ ሐኪም ቤት ይመጣል። ምን ሆኖ ነው ዕቃው ሰው የያዘው ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሜ ያውቃል፣ እጠይቀዋለሁ አልኩት። ምን ልበለው?

ታናሽ እህትዎ


ታኅሣሥ 19 ቀን

ለእህቴ፣

ለታመመችው እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት። ላንቺ ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም። «ለአንድ ቀን ብቻ»። እኔ ጋ በየሳምንቱ የሚመጣ የተቃጠለ ዕቃ ሁሉ ባለቤቱ ይህንኑ ይላል። ቴሌግራም ልኬ፣ ደብዳቤ ጽፌ፣ ጣዪው ብዬሽ፣ አንቺ ሁለት መቶ ዳቦ አሳሳሽ። እናታችንስ አሮጊት ናት። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?

ለባሏ እንዲህ በዪው። ቆርቆሮው ኮረንቲ ቢይዝ እንኳ ሰው ሳይጎዳ የሚያልፍበት መንገድ አለ። በስፒናው ውስጥ ከሁለቱ ሽቦዎች ሌላ ሦስተኛ ሽቦ አለ፣ የመሬት ሽቦ ይባላል። ያመለጠውን ኮረንቲ ይዞ ይወርዳል፣ ብሬከሩም ወዲያው ይጠፋል። እሷ ስትያዝ ብሬከሩ አልወረደም። ስለዚህ ያ ሽቦ በቦታው የለም፤ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው። እቤታችሁ ገብቶ ዕቃውን የነካካ ማን እንደሆነ እኔ ልነግርሽ አይገባም። እንዲህ ያለ ሰው ካቻቪቴ ሊይዝ ቀርቶ አምፖል ሊቀይር አይገባውም። መታሰር ነው ያለበት። ባሏ ከፈለገ ይህን ደብዳቤ አሳዪው፤ የባለሙያ ቃል ነው።

ለሕክምናዋ የሚሆን ገንዘብ ከዚህ ጋር አለ። ኦቨኑ አሁንም እዚያው ካለ ነገ ሳትዪ ብረት ለሚሰበስቡት ስጪው። ሳይፈታ።

ወንድምሽ


ጥር 16 ቀን

ሰላም።

ደብዳቤህን ለባሏ አነበብኩለት። «አንተ» ማለቴ የእጅ ስህተት አይደለም።

እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማኝ። አመሰገነኝና ወጣ። ወዴት እንደሄደ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ስደርስ የጠጋኙ ሱቅ መስታወት መንገዱ ላይ ተበትኗል፣ ሬዲዮዎቹ ተረጋግጠዋል፣ ሰዎች በመሐል ገብተዋል። ፖሊስ ሁለቱንም ወሰደ። ባሏን የሚስቱን ሁኔታ አይተው በዋስ ለቀቁት። ጠጋኙን ግን አስቀሩት፤ ምክንያቱም የባለሙያ ቃል ነበራቸው። ደብዳቤህን ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አደረ። ልጆቹ በሠፈሩ ሲያልፉ ሰው «የነፍሰ ገዳዩ ልጆች» አላቸው።

በሦስተኛው ቀን ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። መርማሪው ፊት እኔም ነበርኩ። «ጣውላ መስጠቴ ጥፋት ነው፣ በሱ ፍረዱብኝ። ያልፈታሁትን ግን ፈታህ አትበሉኝ። ስፒናው በሰው ፊት ይከፈት» አለ።

ከመብራት መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ ላኩ። ኦቨኑን እማዬ አላስጥል ስላለችኝ ጓዳ ውስጥ ነበር። አውጥተን ግቢ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ፖሊሱ ቆሟል፣ ግንበኛው ቆሟል፣ ጠጋኙ በሁለት ሰው መሐል ቆሟል፣ እማዬ ወንበሯ ላይ ናት። ሴትዮዋ ብሎኑን ፈታች። ሁለቱ ሽቦዎች በቦታቸው ናቸው። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ ተቆርጦ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ጫፍ በትንሽ ሦስት ማዕዘን ታጥፏል። ባለሙያዋ አገላብጣ አየችውና «ይህን ያደረገ ሰው ሥራ ያውቃል። ተመልሶ ሊቀጥለው አስቦ ነበር» አለች።

ያን ሦስት ማዕዘን አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳዬ መያዣ ሲበጠስ የጠቀለልክልኝ ናስትሮ በዚያው እጥፋት ነው ያለቀው። ሬዲዮኑም፣ የመኝታ ቤቱ መብራትም። ሲፈታ ጥፍር እንዳይጎዳ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እማዬም አየችው። ተነሥታ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። እኔ ለፖሊሱ ይህ የወንድሜ እጅ ነው አልኩት።

ከዚያ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ያስገባህልን ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ስትሰካው ብሬከሩ ወረደ። ሦስት ጊዜ ወረደ። እኔን እርሾ ግዢ ብለህ ሱቅ ላክኸኝ። ስመለስ ይሠራ ነበር፣ እማዬ እልል ትል ነበር። ምን ሆኖ ነው ስልህ «እርጥበት ነው» አልከኝ።

«ማንም እንዳይከፍተው፣ እንዳለ ጣዪው» ስትለኝ ለእኔ የተጨነቅክ መስሎኝ ነበር። ስፒናው ሳይከፈት ሽቦው እንደሌለ ከባሕር ማዶ ሆነህ ስታውቅም ሊቅነትህ መስሎኝ ነበር።

ጠጋኙን በዋስ ለቀዋል። መዝገቡ ግን አልተዘጋም። ያንተ ቃል በጽሑፍ አለ፣ የእኔ ቃል የአፍ ነው፤ የጻፈው ራሱ በጽሑፍ ያፍርሰው ብለዋል። እማዬ ደግሞ ናስትሮ ማንም ይጠቀልላል ትላለች።

የልብስ አጣቢያችን ሁለት ጣቶች ታኅሣሥ 27 ተቆረጡ።

ገንዘብህን ለሐኪም ከፍዬበታለሁ። መልሼ ልወረውርልህ አስቤ ነበር፤ የእሷ እጅ በእኔ ኩራት አይታከምም ብዬ ተውኩት። አሁን የምጠይቅህ ብር አይደለም፣ ኦቨንም አይደለም። ሦስት ወረቀት ጻፍ። አንዱን ለፖሊስ ጣቢያው፣ አንዱን ለጠጋኙ፣ አንዱን ለእሷ።

እኔ የሰካሁትን ሰክቻለሁ ብያለሁ። አንተም የቆረጥከውን ቆርጫለሁ በል።

እህትህ


የካቲት 21 ቀን

መልስ የለም። ፖስተኛው በበራችን ሲያልፍ እማዬ ልጄ ታሞ ይሆናል ትላለች። ታመህ ከሆነ ይማርህ። ካልታመምክ ግን ቴሌግራም በአንድ ቀን ይደርሳል። «ኦቨኑን ንቀሉ» ለማለት በሽርጥህ ፖስታ ቤት የሮጠው እግርህ አሁን የት ገባ?

ጠጋኙ በየሳምንቱ ጣቢያ እየሄደ ይፈርማል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቀድሞኝ ሰላም ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።


የካቲት 26 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ከእኔ ሰላምታ መቀበል ካልከበደሽ።

የጥር ወሩ ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሃያ ቀን አለፈው። ሰባት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሰባት ጊዜ ቀድጃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ቁጣ ነበሩ። ያሳደግኳት ልጅ «አንተ» አለችኝ፣ ለፖሊስ አሳልፋ ሰጠችኝ፣ በሰው ፊት አዋረደችኝ እያልኩ። አንዱን ጨርሼ ፖስታው ላይ ቴምብር ሁሉ ለጥፌበት ነበር። እሱንም ቀደድኩት።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ዕቃው በመርከብ ሲመጣ እርጥበት ገብቶት ነበር። ሲሰካ ብሬከሩ የሚወርደው ለዚያ ነው፤ ሳምንት ቢደርቅ ወይም ማሞቂያው ቢቀየር ይስተካከል ነበር። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያየኛል፣ እናታችን ሊጡን አቡክታ ጨርሳለች። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሆኜ «ዛሬ አይሠራም» ለማለት አፈርኩ። ለጊዜው ልቁረጠው፣ ሲደርቅ እመልሰዋለሁ አልኩ። በረራዬ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣ ስቆልፍ ትዝ ብሎኛል። ትዝ አላለኝም ብዬ አልዋሽሽም። ብሬከሩ ሦስት ጊዜ እውነቱን ነግሮኝ ነበር፤ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በደንበኛ ልብስ ማጠቢያ ላይ ይህንኑ ሲያደርግ ያዝኩት። እንዲባረር የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «አንተ አድርገህ አታውቅም?» አለኝ። «በጭራሽ» አልኩት። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ስለ እናታችን ኦቨን አስቤ ነበር። ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ሁለቱን ደብዳቤዎችሽንም ያልመለስኩት ለዚያ ነው፤ ስለ ኦቨኑ የሆነ ነገር ይኖርባቸው ይሆን እያልኩ ሳልከፍት አስቀመጥኳቸው።

ሦስቱም ወረቀቶች ከዚህ ጋር አሉ። የእሷን አንብቢላት። እንዲህ ይላል፦

«የተከበሩ እመቤት፤ በእናቴ ቤት ያለውን ኦቨን የመሬት ሽቦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ኦቨኖቹ በመርከብ ሲመጡ እርጥበት ገብቷቸው ነበር፤ ቶሎ እንዲሠራ ብዬ ማድረግ የሌለብኝን አደረግኩ። እርስዎ ምንም አላጠፉም። ባዶ እግርዎም፣ እርጥብ እጅዎም አላጠፋም። ጠጋኙ አልነካውም፤ በሐሰት ከሰስኩት። ጣቶችዎን መመለስ አልችልም። በሕይወት እስካለሁ የእጅዎ ዕዳ በእኔ ላይ ነው።»

ወንድምሽ


ቴሌግራም፣ መጋቢት 17

የአክስታችን ቤት ኦቨንም ሽቦው ተቆርጧል። ስንት ቤት አስገባህ? ስም ላክ። ዛሬውኑ።


ቴሌግራም፣ መጋቢት 18

አራት ነበሩ። የእናታችን። የአክስታችን። የትልቁ አጎታችን። የስልከኛው። ሌላ የለም። ቆጣሪ አጥፉ። ሌላ የለም።


መጋቢት 20 ቀን

ወንድሜ፣

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ወረቀትህን ሰምታ ሁለት ቀን አኮረፈችን፣ በሦስተኛው ቀን ራሷ ኦቨኑን አውጡልኝ አለች። እኔ ገና ሰላም ልልህ አልቻልኩም። የሆነውን ግን ልነግርህ ይገባል።

ለጣቢያው የጻፍከውን ሰጠሁ፤ መዝገቡን ዘጉት። ለጠጋኙም የራሱን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። መስታወቱን ግንበኛው ራሱ ነው የገጠመለት።

ከዚያ ወደ ልብስ አጣቢያችን ቤት ሄድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እጇ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው። ባሏ በሩን ተደግፎ ቆሟል። አነበብኩላት። ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ታለቅሳለች ወይም ትረግምሃለች ብዬ እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን «‹ኦቨኖቹ› ነው ያለው? ስንት ናቸው?» አለችኝ።

አየህ፤ እኔ ያን ወረቀት አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ አላየሁትም። አንተም ሰባት ደብዳቤ ቀድደህ ስምንተኛውን ስትጽፍ ስለ ሌሎቹ ቤቶች ትንፍሽ አላልክም። የራስህን ኃጢአት ስትናዘዝ በሰው ቤት የተሰካውን ረሳኸው። ከሁሉ ይልቅ የተቆጣሁህ በዚህ ነው፤ እሷ ባትጠይቅ ይህን ሁሉ ይቅርታ አንብበን ወደ ቤታችን እንገባ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከመንገዱ ማዶ ለአክስታችን ነበር የምታጥበው። እዚያም ያለው ኦቨን ጣቷን ይነዝራት ኖሯል፤ ከራሴ ደም ነው እንጂ ከዕቃው አይደለም ብላ ለማንም አልተናገረችም። ከአልጋዋ ተነሣች። ተቀመጪ ብንላት እምቢ አለች። ጠጋኙን ከሱቁ ጠርተን አራት ሆነን ሄድን። አክስታችን እየጋገረች ነበር። አጠፋን፣ ነቀልን፣ ጠጋኙ ስፒናውን ከፈተ። ያው ሽቦ፣ ያው ናስትሮ፣ ያው ሦስት ማዕዘን። አክስታችን ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔ በቀጥታ ፖስታ ቤት ሄድኩ።

መልስህ በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ደረሰ። የትልቁ አጎታችን ኦቨን አንተ ከሄድክ ወዲህ ተሰክቶ አያውቅም፤ የቆየ ጋዜጣ ያስቀምጡበታል። ስልከኛው ያንተ ወዳጅ ስለሆነ እኔ ቤቱን አላውቀውም ነበር፤ እየጠየቅን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አገኘነው። እሱ ሥራ ላይ ነው። በሩን የከፈተችልን ሚስቱ ናት። እጇ እስከ ክርኗ እርሷል፣ ከኋላዋ የኬክ ሽታ ይመጣል። ማን ልበል ብላ ፈገግ አለችልን።

እኔ ከየት እንደምጀምር ሳስብ፣ ልብስ አጣቢያችን በጎኔ አልፋ ገባች። ደህና ዋልሽ እንኳ አላለቻትም። «ቆጣሪያችሁ የት ነው?» አለቻት፤ በግራ እጇም ሄዳ አወረደችው።

እህትህ